ከጎን የሚቀመጥ መምህር፦ ካውንት ፎን ሮዘንና የቢሾፍቱ የበረራ ትምህርት

የመጽሔታችን አዘጋጆች በረራ በማስተማር ረጅም ዘመን ያሳለፈ አንድ አንጋፋ መምህርን የሚዘክር ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ በመጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጡት ሄሊኮፕተሮች ናቸው። ተወልጄ ያደግሁት በአዳማ፣ በቀድሞው ስሟ በናዝሬት፣ ስለሆነ ከቢሾፍቱ ሐራር ሜዳ የሚነሡት ሄሊኮፕተሮች በከተማችን ሰማይ ሲያልፉ ገና ሳይታዩ ድምፃቸው ይደርሰን ነበር። ልጆች ሆነን ጨዋታችንን አቋርጠን ወደ ላይ ስናንጋጥጥ የምንከራከረው «ስንት ሰው ይጭናል?» በሚል ነበር እንጂ አብራሪው ማን እንደ ሆነ ጠይቀን አናውቅም። አብራሪውን ማን አስተማረው የሚለው ጥያቄማ ጨርሶ ትዝ ብሎን አያውቅም።

ይህ የልጅነት ዝንጋታ በአዋቂዎችም ዘንድ እንዳለ የተረዳሁት መሐንዲስ ከሆንሁ በኋላ ነው። በየድልድዩ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ የሥራ ተቋራጩ ስምና የተመረቀበት ዓመት ይጻፋል፤ የድልድዩን ስሌት የሠራውን መሐንዲስ ስሌት ያስተማረው ሰው ግን በየትም አይጻፍም። የአየር ኃይላችንም ታሪክ ሲነገር የሚነገረው የጦርነቱ ውሎ ነው። ስለዚህ የሄሊኮፕተሩን መምህር ማን አስተማረው፣ እሱንስ ያስተማረው ማን ነበር እያልሁ ወደ ኋላ ስሄድ፣ ከሐራር ሜዳ የመጀመሪያ ዘመን ላይ አንድ ስዊድናዊ አገኘሁ። እኚህ ሰው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ናቸው። ዓለም የሚያውቃቸው በፊንላንድና በቢያፍራ ጦርነት ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሥራቸው በቢሾፍቱ ያስተማሩባቸው 10 ዓመታት ናቸው ብዬ አምናለሁ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ አስተያየቴ ምክንያቱን ማቅረብ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር መታረም አለበት። የበረራ ትምህርት በኢትዮጵያ የተጀመረው በስዊድናውያን አይደለም። የመጀመሪያው አይሮፕላን፣ ፈረንሣይ ሠራሹ ፖቴዝ፣ ከጂቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1922 ማብቂያና በ1923 መጀመሪያ፣ አስፋው አሊና ሚሽካ ባቢቼፍ የተባሉት ኢትዮጵያውያን ያለ አስተማሪ ለብቻቸው ለመብረር በቅተዋል። ወይዘሮ ሙሉእመቤት እምሩም በዚያው ዘመን የበረራ ትምህርት የጀመሩ ኢትዮጵያዊት ናቸው። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን፣ ያ «ቡናማው ኮንዶር» የተባለው ጀግና፣ ከቺካጎ መጥቶ ጥቂቶቹን አይሮፕላኖቻችንን በማዘዝ ወራሪውን በሰማይ ላይ ተጋፍጧል። እንግዲህ ፎን ሮዘን የመጀመሪያው አልነበሩም። ከእሳቸው በፊት የነበረው ጅምር በወረራው ተቋርጦ ስለ ነበር፣ ለእሳቸው የደረሳቸው ዕድል የተቋረጠውን እንደገና የማስጀመርና ሥር የማስያዝ ሥራ ነበር።

ፎን ሮዘን የተወለዱት በነሐሴ 1901 ዓ.ም. ከስዊድን መሳፍንት ቤተሰብ ነው። አባታቸው ኤሪክ ፎን ሮዘን የታወቁ አገር አሳሽ ነበሩ። ልጁ ግን ከመጽሐፍ ይልቅ ሞተር ይወዱ ነበርና በመካኒክነት ጀምረው፣ ቀጥሎም ከከተማ ከተማ እየተዘዋወሩ የበረራ ትርኢት ከሚያሳዩት ጋር ሆነው በአየር ላይ ሲገለባበጡ ወጣትነታቸውን አሳለፉ። እኛ መሐንዲሶች ይህን አጀማመር ልናልፈው አይገባም። ሞተር ፈትቶ የገጠመ አብራሪ የሞተርን ድምፅ የሚሰማው እንደ ሐኪም ነው፤ ሲታመም ከመውደቁ በፊት ያውቃል።

ወደ ኢትዮጵያ መጀመሪያ የመጡት በ1928 ዓ.ም. ከስዊድን ቀይ መስቀል ጋር፣ የቁስለኛ ማመላለሻ አይሮፕላን አብራሪ ሆነው ነው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በዶክተር ፍሪደ ሂላንደር የሚመራው የስዊድን የሕክምና ጓድ በዶሎ አካባቢ መልካ ዲዳ ላይ ሠፍሮ ሳለ የኢጣልያ አይሮፕላኖች ደበደቡት። የቀይ መስቀሉ ምልክት በድንኳኖቹ ላይ በግልጽ ይታይ ነበር። ብዙ ሕመምተኞች አለቁ፤ ዶክተሩ ራሳቸው ቆሰሉ፤ አንድ ስዊድናዊ ሠራተኛም ሞተ። በመጋቢት ወር ደግሞ ፎን ሮዘን የዓለም አቀፉን ቀይ መስቀል ልዑክ ዶክተር ማርሴል ዡኖን ይዘው ወደ ሰሜን ጦር ግንባር በረሩና ኮረም ላይ አረፉ። ቀይ መስቀል የተሳለበት ፎከር አይሮፕላናቸው መሬት ላይ ቆሞ ሳለ በቦምብ ተቃጠለ። የ26 ዓመቱ አብራሪ ያለ አይሮፕላን እግረኛ ሆኖ ቀረ። ይህን ቀን ልብ ይሏል፤ ከአርባ ዓመት በኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ አልፈዋለሁ። በሆላንድ አየር መንገድ አብራሪ ሆነው ሠሩ። በ1932 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን በወረረች ጊዜ አንድ የመንገደኞች ዳግላስ አይሮፕላን ገዝተው ቦምብ ጣይ አስደርገው በበጎ ፈቃድ ዘመቱ። የእናታቸው እኅት የሄርማን ጎሪንግ ባለቤት ስለ ነበሩ፣ ጀርመንን ለመዋጋት የእንግሊዝን አየር ኃይል ቢጠይቁ በዚሁ ዝምድና ምክንያት ሳይቀበሏቸው ቀርተዋል። የዘመድ ነገር እንዲህ ነው።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ በኢትዮጵያ የአየር ጉዳይ ሁለት መንገድ ያዘ። የሲቪሉ በረራ ከአሜሪካው ቲ ደብልዩ ኤ ጋር በተደረገ ስምምነት ተመሠረተና የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በመጋቢት 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ አደረገ። የጦሩ በረራ ደግሞ ለስዊድናውያን ተሰጠ። ስዊድን በዚያን ጊዜ ቅኝ ግዛት ያልነበራት፣ በጦርነቱም ገለልተኛ የነበረች አገር ከመሆኗም በላይ፣ መኮንኖቿ ከወረራው በፊት የሆለታን የጦር ትምህርት ቤት ስላቋቋሙ በመንግሥት ዘንድ አመኔታ ነበራቸው። ይሁን እንጂ ቦታው ባዶ አልነበረም። ጆን ሮቢንሰን በ1936 ዓ.ም. ከጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ጋር ተመልሶ በአዲስ አበባ ካዴቶችን እያስተማረ ነበር። ሁለቱ ሰዎች አልተስማሙም፤ ጠባቸውም በአደባባይ የታወቀ ሆነ፤ በመጨረሻም ሥራው በስዊድናውያን እጅ ቀረ። ሮቢንሰን ከኢትዮጵያ አልተለየም፤ በመጋቢት 1946 ዓ.ም. አይሮፕላኑ ተከስክሶ በደረሰበት ቃጠሎ ሞቶ በአዲስ አበባ ተቀብሯል።

ፎን ሮዘንን የማመሰግን ሰው ይህን ክፍል ዘልዬ ባልፍ ጽሑፌ ውዳሴ ብቻ በሆነ ነበር። በክፉ ቀን የመጣው ሰው በደግ ቀን ገለል መደረጉ ቅር ያሰኛል። ሁለቱም በ1928ቱ ጦርነት በዚህ ሰማይ የበረሩ፣ ሁለቱም ለመመለስ የመረጡ ሰዎች ነበሩ። የኢትዮጵያ በረራ ለሁለቱም ባለ ዕዳ ነው። ዕዳውን ለመክፈል አንዱን ማሳነስ አያስፈልግም።

ፎን ሮዘን ወደ ሥራቸው የገቡበት አኳኋን የአብራሪ ሁሉ ምኞት ነበር። በግንቦት 1939 ዓ.ም. ተጨማሪ የነዳጅ ገንዳ በተገጠመላት አንዲት ትንሽ ሳብ ሳፊር ከስቶክሆልም ተነሥተው፣ በመካከል ሳያርፉ፣ ከ6 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በ31 ሰዓት ያህል በርረው አዲስ አበባ አረፉ። ባለ አንድ ሞተር፣ 145 የፈረስ ጉልበት ብቻ ያላት ማሠልጠኛ አይሮፕላን ናት። ጉዞው ለፋብሪካው ማስታወቂያ እንደ ሆነለት አያጠራጥርም። ለአስተማሪው ግን ከዚያ የሚበልጥ ትርጉም ነበረው ብዬ እገምታለሁ፤ ተማሪው ነገ የሚቀመጥባት አይሮፕላን ምን ያህል እንደምትታመን በአስተማሪው ገላ ተፈትኖ ታየ።

አሁን ወደ ቢሾፍቱ እንምጣ። በኋላ ደብረ ዘይት ተብላ፣ ዛሬ ወደ ቀድሞ ስሟ የተመለሰችው ይህች ከተማ ለበረራ ትምህርት የተመቸች ናት። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ከአዲስ አበባ የምትርቀው ከ50 ኪሎ ሜትር ባነሰ ነው፤ የጂቡቲ ባቡር በመካከሏ ያልፍ ስለ ነበር ነዳጅና መለዋወጫ ለማምጣት ይቀል ነበር። ከሁሉ በላይ ግን መሬቱ ራሱ ካርታ ነው። ከሐራር ሜዳ የተነሣ ጀማሪ የቢሾፍቱን፣ የሆራን፣ የባቦጋያንና የኩሪፍቱን ሐይቆች እንደ ተበተነ መስተዋት ከበታቹ ያያቸዋል፤ በደቡብ ምዕራብ በኩል 2,989 ሜትር ከፍታ ያለው ዝቋላ ብቻውን ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ወደ ምሥራቅ የባቡሩን ሐዲድ ቢከተል ሞጆ ላይ፣ ከዚያም አዳማ ላይ ይደርሳል። የቆቃ ሐይቅ በዚያን ጊዜ ገና አልነበረም፤ ግድቡ የተመረቀው በ1952 ዓ.ም. ነውና። ወደ ደቡብ የሚበር ካዴት ግን ከመቂ ወዲያ የዝዋይን ውኃ ያገኛል። ደመና ከሌለ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ መንገድ መሳት አስቸጋሪ ነው።

የሚያስቸግረው አየሩ ነው። ሐራር ሜዳ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በመደበኛ ሁኔታ በባሕር ዳርቻ ካለው 83 በመቶ ያህል ነው። ሙቀቱ 27 ዲግሪ በደረሰበት ቀን ደግሞ ወደ 76 በመቶ ይወርዳል። ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደ ሆነ በሳፊር ላይ አሰላሁት። ተጨማሪ አየር መጭመቂያ የሌለው ሞተር አየር ሲሳሳበት ጉልበቱ ይቀንሳልና ከ145ቱ የፈረስ ጉልበት የሚቀረው 106 ገደማ ነው። ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሣት 14 በመቶ ያህል ፈጥኖ መሄድ አለበት። የፍጥነት መለኪያው ግን ይህን ለአብራሪው አይነግረውም፤ መለኪያው የሚለካው የአየሩን ግፊት ስለሆነ በስቶክሆልም የሚያሳየውን ቁጥር በቢሾፍቱም ያሳያል። ስለዚህ ተማሪው በቁጥሩ ተማምኖ ሲያርፍ መሬቱ ከጠበቀው በላይ ፈጥኖ ይመጣበታል፤ ፍሬን ሊያቆመው የሚገባው የእንቅስቃሴ ኃይልም በ31 በመቶ ይጨምራል። በዚህ ላይ የከሰዓት በኋላውን ነፋስ ጨምሩበት። የአዳማን ነፋስ እኛ መሐንዲሶች የምናውቀው ዛሬ ከከተማው በላይ በተተከሉት የኤሌክትሪክ ማመንጫ ማማዎች ነው፤ የሐራር ሜዳ ካዴቶች ግን ማማዎቹ ከመተከላቸው ከስድሳ ዓመት በላይ ቀድመው በገላቸው አውቀውታል።

እንግዲህ በአውሮፓ ሜዳ የተጻፈ የማስተማሪያ መጽሐፍ እዚህ ቃል በቃል ሊሠራ አይችልም ነበር። መምህሩ ያወቀውን እንደገና መማር ነበረበት። ፎን ሮዘን ከሌሎቹ የተለየ ጥቅም የነበራቸው እዚህ ላይ ነው፤ ከ10 ዓመት በፊት በኮረም ከፍታ፣ ሜዳ ባልተስተካከለበት፣ ቁስለኛ ጭነው ተነሥተዋል። የደጋውን ሳሳ ያለ አየር የተማሩት ከመጽሐፍ አልነበረም።

ስለ ሳፊር አንድ ነገር ልጨምር። በዘመኑ ብዙዎቹ ማሠልጠኛ አይሮፕላኖች መምህርና ተማሪ ፊትና ኋላ የሚቀመጡባቸው ነበሩ። ተማሪው የመምህሩን ፊት አያይም፤ የሚሰማው ድምፁን ብቻ ነው። በሳፊር ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ መሪውም ለሁለቱም አለ። ይህ የወንበር አቀማመጥ ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ የማስተማሩን ጠባይ ግን ይለውጠዋል። ተማሪው የመምህሩ እጅ የት እንዳለ ያያል። እጁ መሪውን ከጨበጠ እምነት የለውም ማለት ነው፤ ጉልበቱ ላይ ካረፈ አምኖታል ማለት ነው። መምህሩም በበኩሉ የተማሪውን ዓይን ያያል፤ መለኪያ ላይ ነው ወይስ መሬት ላይ? የበረራ ማስተማር ጥበብ ሁሉ በዚያች በመሪውና በጉልበት መካከል ባለች ርቀት ውስጥ ነው። ቶሎ ጣልቃ የገባ መምህር ተማሪው ስሕተቱን እንዳይማር ያደርጋል፤ የዘገየ መምህር ሁለቱንም ይገድላል።

ሄሊኮፕተርን ከሩቅ እያየን ላደግነው ሰዎች ይህ ይበልጥ ይገባናል። በአብዛኞቹ ሄሊኮፕተሮች መምህርና ተማሪ እስከ ዛሬ የሚቀመጡት ጎን ለጎን ነው። ሄሊኮፕተር በአየር ላይ ቆሞ ሲንሳፈፍ የሚያስፈልገው ጉልበት አየሩ በሳሳ ቁጥር ይጨምራል፤ በዚያ በ27 ዲግሪው ቀን በሐራር ሜዳ ከባሕር ዳርቻው 14 በመቶ ያህል ይበልጣል፤ ሞተሩ የሚሰጠው ግን ያንሳል። ከሁለቱ ልዩነት የሚተርፈው ጉልበት ጥቂት ነው፤ መምህሩ የሚያስተምረው በዚያ በጥቂቱ ውስጥ መኖርን ነው። ሞተሩ ቢጠፋ፣ ከታች ወደ ላይ በሚነፍሰው አየር ክንፉን እያሽከረከሩ መውረድን ለማስተማር መምህሩ በገዛ እጁ የሞተሩን ኃይል ይቀንሳል። ሰው እንዲድን ለማስተማር ሆን ብሎ መውደቅ መጀመር ማለት ነው። ይህን በቀን ብዙ ጊዜ፣ ለብዙ ዓመታት የሚያደርግ ሰው ምን ዓይነት ልብ እንዳለው አስቡት።

ከሳፊሮቹ ቀጥሎ ከስዊድን የጦርነት ጊዜ ክምችት ሳብ 17 የተባሉ ቀላል ቦምብ ጣዮች ከ40 በላይ ተገዝተው መጡ። አይሮፕላኖቹ ያረጁ ሞዴሎች ነበሩ፤ ለጀማሪ አየር ኃይል ግን ይህ ጉድለት አልነበረም። የተወሳሰበ ማሽን የሰጪው ጥገኛ ያደርጋል፤ ቀላል ማሽን ግን ፈትተህ ትማርበታለህ። ስዊድናውያኑ ከአብራሪዎች ጎን መካኒኮችንም አሠለጥነዋል፤ በእኔ ሚዛን የሐራር ሜዳ የጥገና ቤት ከመንደርደሪያው አያንስም። እንደምናውቀው አይሮፕላን በአየር ላይ ለሚያሳልፈው ለእያንዳንዱ ሰዓት በመሬት ላይ ብዙ የሰው ሰዓት ይበላል። የአብራሪው ስም በታሪክ ሲገባ የመካኒኩ ስም በጥገና መዝገብ ላይ ይቀራል፤ መዝገቡም ሲሞላ ይጣላል።

ፎን ሮዘን በ1948 ዓ.ም. ገደማ ከ10 ዓመት አገልግሎት በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የመምህር ሥራ የሚመዘነው ከሄደ በኋላ ነው። በ1950ዎቹ የአየር ኃይሉ አዛዥነት ከስዊድናውያን ወደ ኢትዮጵያውያን ተላለፈ፤ ጄኔራል አሰፋ አየነ ከነዚህ አዛዦች አንዱ ነበሩ። አሜሪካ ሠራሾቹ ኤፍ-86 ጄቶች ሲመጡ በሐራር ሜዳ የሚቀበላቸው መንደርደሪያና የሠለጠነ ሰው ነበረ። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከነዚሁ ጄቶች ጥቂቱን በተባበሩት መንግሥታት ሥር ወደ ኮንጎ ላከች። ፕሮፔለር ባለው ሳፊር የተጀመረው ትምህርት በ15 ዓመት ውስጥ እዚያ ደረሰ። በእርግጥ የጄቱን ትምህርት የሰጡት አሜሪካውያን ናቸው፤ ሆኖም ሁለተኛውን ፎቅ የሚሠራ ሰው መሠረቱን ማን እንዳወጣ አይረሳም፤ ቢረሳም መሠረቱ አይረሳውም።

ስለ ቢያፍራ ዝም ማለት አልችልም፤ ነገር ግን አላበዛም። በናይጄሪያ ጦርነት ጊዜ ፎን ሮዘን በመጀመሪያ ለተራቡት ምግብ አመላለሱ። ቀጥሎም በግንቦት 1961 ዓ.ም. 5 ትናንሽ ኤም ኤፍ አይ-9 አይሮፕላኖችን ሮኬት አስታጥቀው የናይጄሪያን የአየር ማረፊያዎች መቱ። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት በኩል ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ ትደክም ነበር፤ የቀድሞው የሐራር ሜዳ መምህር ግን ከአንዱ ወገን ቆመው ተዋጉ። የተራበ ሕፃን ያየ ሰው ቁጣ ይገባኛል። ቀይ መስቀል ያለበት አይሮፕላኑ ኮረም ላይ የተቃጠለበት ሰው ገለልተኛነትን መጠራጠሩም ይገባኛል። ሆኖም ምግብ የሚያደርሰው እጅ ሮኬት ሲተኩስ፣ ከዚያ በኋላ ምግብ የሚያደርሱትን ሁሉ ለአደጋ ያጋልጣል። በዚህ ከእሳቸው ጋር አልስማማም።

ደግነቱ የቢያፍራው ልምድ ለሌላ ነገር ዋለ። የወሎና የትግራይ ረሃብ በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በዓለም ፊት በተገለጠ ጊዜ ችግሩ የእህል እጥረት ብቻ አልነበረም፤ እህሉ ወደብ ደርሶም ገደልና ሸለቆ ወዳለበት መንደር የሚያደርስ መንገድ አልነበረም። ፎን ሮዘን ስልሳ ዓመት አልፏቸው ተመልሰው መጡ። ይዘው የመጡት የዚያችው የትንሿ አይሮፕላን ታላቅ እኅት የሆነችውን ኤም ኤፍ አይ-15ን ነበር። ይህች አይሮፕላን ከክንፎቿ በታች እስከ 300 ኪሎ ግራም መሸከም ትችላለች። በቢያፍራ ሮኬት በተንጠለጠለበት ቦታ አሁን የእህል ከረጢት ተንጠለጠለ፤ ዝቅ ብለው እየበረሩ መንደሩ አጠገብ ይጥሉት ጀመር። ጃንጥላ የለም፤ መንደርደሪያ የለም፤ ያለው ስሌት ብቻ ነው።

ስሌቱን አንባቢ ከእኔ ጋር ይከተል። ከረጢት ከ10 ሜትር ከፍታ ቢለቀቅ መሬት ለመድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል እንኳ አይፈጅበትም። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ከሚበር አይሮፕላን የተለቀቀ ከሆነ በዚህ ጊዜ ውስጥ 60 ሜትር ያህል ወደፊት ይሄዳል። ስለዚህ አብራሪው የሚለቀው ከዒላማው 60 ሜትር ቀድሞ ነው። ግማሽ ሰከንድ ቢሳሳት ከረጢቱ ከ20 ሜትር በላይ ይርቃል፤ በአምባ ጫፍ ላይ ላለ መንደር 20 ሜትር ማለት እህሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ከፍ ብሎ ቢጥል ከረጢቱ ይፈነዳል፤ ዝቅ ቢል ተራራው አለ። አየሩ ደግሞ ከቢሾፍቱም የበለጠ ሳሳ ያለ ነው። ሄሊኮፕተር ይህን ሥራ ይበልጥ በሰላም ይሠራው ነበር እንል ይሆናል፤ ነገር ግን በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የሄሊኮፕተር የመሸከም ኃይል እንዴት እንደሚቀንስ ከላይ አይተናል፤ የሚጠይቀው ነዳጅና ጥገናም በትንሽ አይሮፕላን አይመዘንም። ርካሹንና ቀላሉን መምረጥ የመካኒኩ ልጅነት ምልክት ነው ብዬ አምናለሁ።

ኮረም ላይ መሬት ቆሞ የተቃጠለው ፎከር የተመለሰው እንግዲህ በዚህ መልክ ነው። በ1928 ዓ.ም. ለማረፍ የተገደደ አይሮፕላን ዒላማ ሆኖ ነደደ። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ያው አብራሪ በዚያው በሰሜኑ ደጋ ላይ ሳያርፉ ዕርዳታ የማድረስን ዘዴ ይሠሩበት ነበር።

መጨረሻቸው ግን በሰማይ አልሆነም። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ የኦጋዴን ጦርነት በሚቀጣጠልበት ሰሞን፣ ለዕርዳታ ሥራ ጎዴ ገብተው ሳለ የሶማሊያ ወታደሮች በከተማዋ ላይ አደጋ ሲጥሉ ተገደሉ። 67 ዓመታቸው ነበር። በዚያው ወር የኢትዮጵያ ኤፍ-5 ተዋጊዎች በምሥራቁ ሰማይ ላይ የሶማሊያን ሚጎች እየመቱ የበላይነቱን ያዙ። አብራሪዎቹ የሌላ ትውልድ፣ የሌላ መምህራን ልጆች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ያን አዛውንት ስዊድናዊ በዓይናቸው አይተው ላያውቁ ይችላሉ። አስከሬናቸው አዲስ አበባ ተቀበረ፤ ጆን ሮቢንሰንም ያረፈው በዚያው ከተማ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ከቀድሞው በባሰ ጊዜ የእንግሊዝ ሄርኩለስና የጀርመን ትራንዛል አይሮፕላኖች በሰሜኑ ደጋ ላይ ከ15 ሜትር ያህል ከፍታ እህል ጣሉ። እህሉ እንዳይበተን በከረጢት ላይ ከረጢት ደራርበው ያሽጉት ነበር። ከታላላቆቹ አይሮፕላኖች ቀድመው የፖላንድ ሚ-8 ሄሊኮፕተሮች በየአምባው ላይ ያርፋሉ፤ ሰዎቻቸው ወርደው መጣያውን ቦታ ይመርጣሉ፣ ድንጋዩን ያዩታል፣ ምልክት ያኖራሉ፣ ከብቱንና ሕዝቡን ዘወር ያደርጋሉ። ከዚያ ሬዲዮ ይነጋገራሉ፤ ሄርኩለሱም ከሸለቆው ጫፍ ብቅ ብሎ ዝቅ ይላል።